የኦርጋኒክ ግብርናና ምርቱን ወደ ውጭ መላክ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሱሉልታ፣ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በሰንዳፋና በቢሾፍቱ ዙሪያ የሚያርሱ ገበሬዎች፣ በከተማዋ ዳርቻ በወንዝ ዳር አትክልት የሚያለሙ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ምርት ሰብስበው ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስቡ ወጣት ነጋዴዎች ስለ ኦርጋኒክ ግብርና የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ከዚህ በታች ደጋግመው ለሚነሱት መልስ ተሰጥቷል። አንዳንዱ መልስ የረዘመው በጉዳዩ ላይ የሚደርሰው ስሕተት የብዙ ዓመት ድካም የሚያስከፍል ስለሆነ ነው።

ማዳበሪያም ሆነ ፀረ-ተባይ ተጠቅሜ አላውቅም። ታዲያ ምርቴ ኦርጋኒክ አይደለም?

ከኬሚካል ርቆ የቆየ ማሳ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለውጭ ገበያ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በአውሮፓ፣ በአሜሪካም ሆነ በጃፓን አንድ ምርት ኦርጋኒክ ተብሎ ሊሸጥ የሚችለው፣ ከዘሩ ጀምሮ ዕቃው እስከሚጫንበት ድረስ ያለው ሒደት በሕግ የተደነገገውን የተከተለ መሆኑን ከሻጭም ከገዢም ገለልተኛ የሆነ አረጋጋጭ ድርጅት መርምሮ ሲመሰክርለት ነው። በአገራችንም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ቆይቷል። ገበሬው «አልተጠቀምኩም» ሲል እውነቱን ነው፤ ገዢው ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍለው ግን ለማስረጃው ነው።

ከዚህ ይበልጥ ክብደት የምንሰጠው ለሌላ ነጥብ ነው። በማሳ ላይ ምንም አለመጨመር ኦርጋኒክ ግብርና አይባልም። የኦርጋኒክ ግብርና መሠረቱ ከመሬት የተወሰደውን ለመሬት መመለስ ነው፤ በፍግ፣ በብስባሽ፣ በጥራጥሬ፣ ሰብል በማፈራረቅ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ትልቁ ፈተናም እዚህ ላይ ነው። በየግቢው ግድግዳና አጥር ላይ እበት ተጠፍጥፎ ይደርቃል፤ ኩበቱ ግማሹ ለቤት ማገዶ ይውላል፣ ግማሹ ወደ ከተማ ተጭኖ ይሸጣል። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ሌላ ማገዶና ሌላ የእጅ ገንዘብ ስለሌላቸው ነውና ሊወቀሱ አይገባም። ይሁን እንጂ ኩበት ሲነድ ለሰብል የሚጠቅመው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ለማሳው የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚጠቀም ወይም ከብቶቹን ይዞ ባዮጋዝ የሠራ ቤተሰብ ማገዶውንም አገኘ፣ ፍጉንም ለማሳው አተረፈ። ስለዚህ ስለ ኦርጋኒክ ስናወራ የማገዶውን ጉዳይ አብረን ካላነሣን ንግግራችን ጎዶሎ ነው።

ይህ ገበያ በእርግጥ እያደገ ነው?

አዎን። በዓለም ላይ በኦርጋኒክ መንገድ የሚለማው መሬት እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ 11 ሚሊዮን ሄክታር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ከ96 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሆኗል። በዚያው ዓመት የችርቻሮ ሽያጩ ወደ 135 ቢሊዮን ዩሮ ደርሷል። ትልቁ ገዢ አሜሪካ ስትሆን ጀርመን ትከተላለች። በአምራች ብዛት ደግሞ ሕንድ ቀዳሚ ናት። ኢትዮጵያም ከ200 ሺህ በላይ የተመዘገቡ ኦርጋኒክ አምራቾች በማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ከፊተኞቹ ተርታ ነበረች። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር የታቀፉ የቡና ገበሬዎች ናቸው።

በእኛ አካባቢ ቡና አይበቅልም። ታዲያ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ምን ሊላክ ይችላል?

ወደ ውጭ የሚሄደው ኦርጋኒክ ምርት በብዛት ቡና ነው፤ ከዚያም እንደ ሰሊጥና ማር ያሉት ይከተላሉ። ቡናው ከይርጋ ጨፌ፣ ከሲዳማ፣ ከካፋና ከሌሎች አካባቢዎች ይመጣል እንጂ በእኛ ደጋ አይበቅልም። ነገር ግን ከመላኩ በፊት የሚበጠረው፣ የሚለቀመውና በጆንያ የሚሞላው በአብዛኛው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ማበጠሪያዎችና መጋዘኖች ነው። በእነዚህ ቦታዎች የሚሠሩ ብዙ ሴቶችና ወጣቶች ሳያውቁት የኦርጋኒክ ሰንሰለቱ አካል ናቸው፤ በእነሱ እጅ የሚፈጠር መደባለቅ ሩቅ ያለውን ገበሬ ምስክርነት ያሳጣዋልና።

ከራሱ ከአካባቢው ምርት ተስፋ የምንጥልበት ማር ነው። ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲያስገቡ ከተፈቀደላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የንብ ምርምር ማዕከሉም እዚሁ ሆለታ ይገኛል። የአውሮፓ ደንብ ግን ቀፎው ካለበት ቦታ በ3 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ንቦቹ የሚቀስሙት አበባ በመሠረቱ የዱር ዕፅ ወይም ኦርጋኒክ ሰብል እንዲሆን ይጠይቃል። ፀረ-አረም በሚረጭበት የስንዴ ሜዳ መካከል ይህን ማሟላት አይቻልም። እንደ መናገሻ ሱባ ካለ ደን አጠገብ ቀፎ ያለው ሰው ግን ዕድሉ የተሻለ ነው። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ተልባም በማኅበር ከተሰበሰቡ ገዢ ሊያገኙ ይችላሉ። ጤፍን በተመለከተ፣ እህሉንና ዱቄቱን ወደ ውጭ መላክ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተከልክሎ፣ ኋላ ላይ ለጥቂት ሰፋፊ እርሻዎች ብቻ ፈቃድ የተሰጠበት ስለሆነ፣ አነስተኛ ገበሬ በዚህ ላይ ዕቅድ እንዲሠራ አንመክርም። እንጀራ መላክ ግን አልተከለከለም።

በአቃቂ ወንዝ ዳር በፍግ ብቻ ቆስጣና ሰላጣ አለማለሁ። ምስክርነት ማግኘት እችላለሁ?

በዚያ ውኃ እስከለማ ድረስ፣ አይቻልም፤ ይህን ስንናገር ግን ለአምራቾቹ ባለን አክብሮት ነው። እነዚህ ቤተሰቦች ለረጅም ዓመታት ለአዲስ አበባ ነዋሪ አትክልት ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ወንዙን ያበላሹት እነሱ አይደሉም። ከፋብሪካ፣ ከጋራዥና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው ያበላሸው። በተደረጉ ጥናቶች በዚህ ውኃ በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ እንደ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። እነዚህ ብረቶች በሥር በኩል ወደ ቅጠሉ የሚገቡ በመሆናቸው በማጠብ አይለቁም፤ በሎሚና በኮምጣጤ መዘፍዘፍም አያወጣቸውም። ፍግ መጠቀም የውኃውን ጉዳት አይሽርም።

የጉድጓድ ውኃ ማግኘት የሚቻልበት ቦታ ካለ በመጀመሪያ ውኃውንም አፈሩንም በቤተ ሙከራ ማስመርመር ያስፈልጋል፤ በቆሸሸ ውኃ ለዓመታት የጠጣ አፈር ውኃው ስለተቀየረ ብቻ ወዲያው አይጠራም። በእኛ እምነት በዚህ ጉዳይ ዋናው ኃላፊነት ያለበት ፍሳሹን የሚለቀውና የሚቆጣጠረው ወገን ነው። ገበሬው እስከዚያ ድረስ ለምግብ የማይውሉ፣ እንደ አበባና የጌጥ ችግኝ ያሉ ተክሎችን ማልማት ይችላል።

የሽግግር ጊዜው ስንት ዓመት ነው? በዚያ ጊዜስ ምርቴን በምን ስም እሸጣለሁ?

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት እንደ ስንዴና ባቄላ ላሉ ዓመታዊ ሰብሎች ከመዘራቱ በፊት 2 ዓመት፣ እንደ ቡናና ፍራፍሬ ላሉ ቋሚ ተክሎች ከመጀመሪያው ኦርጋኒክ ምርት በፊት 3 ዓመት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ደንብ ደግሞ ከምርት መሰብሰብ በፊት ባሉት 36 ወራት የተከለከለ ነገር በማሳው ላይ አለመዋሉን ይጠይቃል። በሽግግሩ ወቅት ምርቱ ኦርጋኒክ ተብሎ አይሸጥም፤ በአብዛኛው የሚሸጠው እንደማንኛውም ምርት ነው፤ ድካሙ ቀድሞ፣ ዋጋው ዘግይቶ ይመጣል ማለት ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወውም በዚህ ወቅት ስለሆነ፣ ሙሉ ማሳውን ከማስገባት ይልቅ በአንድ ክፍል መጀመር ይሻላል፤ ያንኑ ዓይነት ሰብል ግን በአንድ እርሻ ላይ በኦርጋኒክም በመደበኛም መንገድ ጎን ለጎን ማምረት በአውሮፓ ደንብ በመሠረቱ ስለማይፈቀድ የሰብሉ ዓይነት ይለይ።

ማዳበሪያ ካቆምኩ ምርቴ አይቀንስም?

በድንገት ካቆሙ ይቀንሳል። በዓለም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ የኦርጋኒክ ምርት ከመደበኛው በአማካይ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ እንደ ሰብሉና እንደ አያያዙም ልዩነቱ ይሰፋል ወይም ይጠብባል። ስሪ ላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያን ያለ በቂ ዝግጅት በአንድ ጊዜ ከልክላ የሩዝ ምርቷ ክፉኛ ስላሽቆለቆለ፣ በወራት ውስጥ ውሳኔዋን ለመሻር ተገዳለች። እኛ የምንመክረው ይህን የመሰለ ዝላይ አይደለም።

በሌላ በኩል አፈሩ በተራቆተበትና ገበሬው ማዳበሪያ በበቂ መጠን መግዛት በማይችልበት ቦታ ውጤቱ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በባለቤታቸው በሱ ኤድዋርድስ አነሣሽነት በትግራይ በአራት መንደሮች የተጀመረው የብስባሽ ሥራ፣ ብስባሽ ያገኘ ማሳ የኬሚካል ማዳበሪያ ካገኘው ጋር የሚስተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ገበሬዎቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት የብስባሹ ጥቅም በአንድ ክረምት የማያልቅ መሆኑን ነበር።

በእኛ አካባቢ መጀመሪያ መታየት ያለበት የአፈሩ ዓይነት ነው። በሆለታና በወልመራ በኩል ያለው ቀይ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ስለሆነ፣ ኖራ ካላገኘ ብስባሹም የሚገባውን ያህል አይሠራም፤ ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚመጣው የእርሻ ኖራ በኦርጋኒክ ደንብ የተፈቀደ ሲሆን ለግንባታ የሚቃጠለው ኖራ ግን አይፈቀድም። በቢሾፍቱና በሰንዳፋ በኩል ያለው ዋልካ ደግሞ ቀድሞ ውኃው ሊጠነፍፍለት ይገባል። ከስንዴና ከገብስ ቀጥሎ ባቄላ ወይም ምስር መዝራት ለአፈሩ ናይትሮጅን ያተርፋል፤ ይህን የሚያግዘውን በዘር ላይ የሚለወስ ሕያው ማዳበሪያ የሚያመርት ፋብሪካም መናገሻ ላይ አለ።

ብስባሹን እንዴት ላዘጋጅ? ባለፈው ሞክሬ ሸተተብኝ።

መሽተቱ አየር ማጣቱን ወይም ውኃ መብዛቱን ያሳያል። ክምሩ ከታች በእንጨትና በአገዳ ይነጠፍ፤ በላዩ ደረቅ ነገር፣ ማለትም ጭድ፣ ገለባና የደረቀ ቅጠል፣ ከዚያ እርጥብ ነገር፣ ማለትም አረምና የወጥ ቤት ትራፊ፣ ከዚያ ፍግ፣ በመጨረሻም ስስ አፈር እየተደራረበ ወገብ እስኪደርስ ይከመር። ደረቁ ከእርጥቡ መብለጥ አለበት። በመካከሉ እስከ ታች የሚደርስ በትር ይተከል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በትሩ ተነቅሎ በእጅ ሲዳሰስ የሚያቃጥልና እርጥብ ከሆነ ሥራው ደኅና ነው። ሞቆ ደረቅ ከሆነ ውኃ ይርከፈከፍበታል። ቀዝቃዛ፣ እርጥብና መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ ክምሩ ተገልብጦ ደረቅ ይጨመርበታል።

ሙቀቱ አስፈላጊ የሆነው የአረም ዘርንና የበሽታ ተሕዋስያንን ስለሚገድል ነው። የአሜሪካው ደንብ በሜዳ ላይ ለሚከመር ብስባሽ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ ያላነሰ ሙቀት ለ15 ቀናት እንዲቆይና በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ጊዜ እንዲገለበጥ ያዝዛል። ያልበሰለ ፍግ በቀጥታ የሚጨመር ከሆነ ደግሞ አፈር ለሚነካ ምርት ከመሰብሰቡ 120 ቀናት፣ አፈር ለማይነካ 90 ቀናት ቀድሞ መሆን አለበት። ሰላጣና ካሮት ለሚያለማ ሰው ይህ የቀን ቆጠራ የጤና ጉዳይ ነው፤ ላኪ ባይሆንም ሊጠብቀው ይገባል።

ምርጥ ዘር መጠቀም ይከለክላል?

አይከለክልም። የሚከለከለው በዘረ-መል ምሕንድስና የተለወጠ ዘርና በኬሚካል የታሸ ዘር ነው። ከረጢቱ ሲከፈት ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ዘር ብዙውን ጊዜ በፀረ-ሻጋታ ወይም በፀረ-ተባይ የታሸ ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት ያልታሸ ይጠይቁ።

ጎረቤቴ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ፀረ-አረም ይረጫል። የእኔ ማሳ ምን ይሆናል?

በነፋስና በጎርፍ የሚመጣ ብክለት ምስክርነት ሊያሳጣ ይችላል። ደንቦቹ ለሁሉም የሚሠራ የተወሰነ ርቀት አላስቀመጡም፤ አረጋጋጩ ተዳፋቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የሰብሉን ዓይነት አይቶ ይወስናል። በድንበሩ ላይ ቁጥቋጦ መትከል፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ማስቀየስና ከድንበሩ አጠገብ ያለውን ምርት ለብቻ ሰብስቦ እንደ መደበኛ መሸጥ የተለመደ አሠራር ነው። ሆኖም ዘላቂው መፍትሔ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ነው። በአንድ ጎጥ ያሉ ገበሬዎች አብረው ቢገቡ ድንበሩ ራሱ ይቀንሳል። የርጭት መሣሪያ ከጎረቤት መዋስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በመርጫው ውስጥ የቀረው ጠብታ በምርመራ ይገኛል።

ማሳው ንጹሕ ከሆነ ከዚያ በኋላ ምን ያሰጋል?

ጆንያውና መጋዘኑ። ከማሳ ይልቅ በዚህ በኩል የሚደርሰው ኪሳራ ያሳዝነናል፤ ገበሬው የሚቻለውን ሁሉ ካደረገ በኋላ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በመጣ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢው ተስተጓጉሎ ነበር። ጉዳዩ ሲጣራ ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር በንጽሕና የበቀለ ቡና በመያዣው ምክንያት ተጠርጣሪ ሆነ።

በእህል ላይ ያለው ችግር የነቀዝ ክኒን ነው። ይህ ክኒን ለቤተሰብ ሕይወትም አደገኛ ሲሆን በኦርጋኒክ እህል ላይ ፈጽሞ አይፈቀድም። በምትኩ አየር የማያስገቡ ባለሦስት ሽፋን ከረጢቶች አሉ፤ እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባና አፉ ተጠምዝዞ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ማዳበሪያ ወይም ዩሪያ የነበረበት ጆንያ ታጥቦም ቢሆን አይሞላበት። መጋዘኑ ለሌላ እህል በክኒን ይታጠን እንደሆነ መጠየቅም የሻጩ ድርሻ ነው። ቡና የሚያበጥሩና ምርት የሚያከማቹ ድርጅቶችም የኦርጋኒኩን ዕጣ ከመደበኛው በፊት ቢያበጥሩ፣ ማሽኑን አስቀድመው ቢያጸዱና ይህንንም በቀን መዝገብ ቢያሰፍሩ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ምስክርነት ውድ ነው ይባላል። አንድ ሰው ብቻውን ይችለዋል?

ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ብቻውን አይችለውም፤ ስለዚህ ነው በቡድን የሚመሰከረው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2018/848 አንድ የገበሬዎች ቡድን ከ2,000 አባላት እንዳይበልጥ፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው፣ አባላቱም በአካባቢ የተቀራረቡ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ከዚህ ቀደም በዩኒየን ጥላ ሥር በአንድነት ይመሰከርላቸው ለነበሩ ሰፋፊ ማኅበራት ይህ ከባድ የመልሶ ማደራጀት ሥራ ነው። ቡድኑ የራሱን የውስጥ ቁጥጥር ያቋቁማል፤ የራሱ መርማሪ እያንዳንዱን አባል ይጎበኛል፣ የውጭው አረጋጋጭ ደግሞ በየዓመቱ ቢያንስ 5 በመቶ የሚሆኑትን አባላት ደግሞ ይመረምራል፣ ከ2 በመቶ ላላነሱት ናሙና ይወስዳል።

ዋጋውን በተመለከተ አንድ የታወቀ መለኪያ እንጥቀስ። ፌርትሬድ በተባለው የፍትሐዊ ንግድ ሥርዓት ለታጠበ አረቢካ ቡና የሚከፈለው የኦርጋኒክ ጭማሪ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በፓውንድ ከ30 ወደ 40 የአሜሪካ ሳንቲም ከፍ ብሏል። ጭማሪው ከማኅበር እስከ ገበሬ ሲወርድ ምን ያህል እንደሚቀንስ መጠየቅ የአባላት መብት ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠራውም ለዚህ ነው።

ለሚበላው ሰው ጤና ምን ይጠቅማል?

በእርግጠኝነት የሚታወቀው በኦርጋኒክ ምግብ ላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አነስተኛ መሆኑ ነው። በንጥረ ነገር ይበልጣል የሚለው ግን ማስረጃው የተደባለቀ ስለሆነ በማስታወቂያ እንዲጋነን አንፈልግም። ከሸማቹም በላይ የሚጠቀመው መድኃኒቱን ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል በጀርባው ተሸክሞ ይረጭ የነበረው ገበሬ፣ ልብሱንም የምታጥብለት ባለቤቱ ናት።

ወደ ውጭ ሳልልክ እዚሁ አዲስ አበባ ልሸጥ ብልስ?

ለአትክልት አምራች ይህ የተሻለ መንገድ ይመስለናል። አምራቾችና ሸማቾች ራሳቸው እየተጎበኛኙ አንዱ የሌላውን ማሳ የሚያረጋግጡበት የአሳታፊ ማረጋገጫ ሥርዓት በብዙ አገሮች አለ፤ ወጪው ትንሽ ነው። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ ግን ተቀባይነት የለውም።

አንድ ላኪ የምስክርነቱን ወጪ እኔ እችላለሁ ብሎናል። እንስማማ?

ስምምነቱ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ከመፈረም በፊት ግን የምስክር ወረቀቱ በማን ስም እንደሚወጣ ይጠየቅ። ከፋዩ ላኪ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱም እሱ ነው። በዚህ ጊዜ ገበሬዎቹ ያንኑ ምርት ለሌላ ገዢ ኦርጋኒክ ብለው መሸጥ አይችሉም፤ ላኪው ቢተዋቸው ያሳለፉት የሽግግር ዓመታት ማስረጃም በእሱ መዝገብ ይቀራል። ስለዚህ የማሳ ካርታው፣ የአባላት ዝርዝርና የየዓመቱ የምርመራ ውጤት ቅጂ ለማኅበሩ እንዲሰጥ፣ ጭማሪው በኪሎ ስንት ብር እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል፣ ላኪው ሳይገዛ ቢቀር ማኅበሩ ለሌላ መሸጥ የሚችልበት ሁኔታ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። ውሉም አባላት በሚረዱት ቋንቋ ተነቦላቸው ይፈረም፤ አንዱ ቅጂ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።